አርብ አርብ ግቢ የሚሻገረው ደብተር

ልጃችሁ ከአንድ ሰው እጅ ካልሆነ አልበላም ያለችበት ጊዜ አለ? ያ ሰው እናቷም አባቷም ሳይሆን ሞግዚቷ ሆኖ ያውቃል? ሞግዚቷስ የእናንተ ብቻ ሳትሆን የጎረቤታችሁም ብትሆን ምን ታደርጉ ነበር? ደርሶባችሁ ከሆነ የምጽፈውን ገና ሳትጨርሱት ታውቁታላችሁ። ካልደረሰባችሁ ግን ከመጀመሪያው ጀምሬ በቅደም ተከተል ላስረዳችሁ።

አዳማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምራለሁ። የምንሠራው በፈረቃ ነው፤ አንዱን ሳምንት ጠዋት፣ የሚቀጥለውን ከሰዓት። ባለቤቴ ከከተማችን ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ስብሰባ በበዛ ቁጥር የእሷም ሰዓት ይለዋወጣል። ልጃችን ዓመት ሲሞላት ሁለት ሞግዚቶች መጥተው ሄደው ነበር። የመጀመሪያዋ ቪዛ ሲመጣላት አረብ አገር ሄደች። ሁለተኛዋን ያመጣት ደላላ ራሱ ወደ ሌላ ቤት ወሰዳት። እሷ በሄደች በሦስተኛው ቀን ልጃችን አፏን ዘጋች። ገንፎ ብንሰጣት፣ ድንች ብንሰጣት፣ ጡጦ ብንሰጣት ከንፈሯን ግጥም አድርጋ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ጤና ጣቢያ ወስደን አስመዘንናት። ነርሷ በካርዷ ላይ የተሠመረውን የክብደት መስመር በእስክሪብቶዋ ጫፍ ተከትላ አሳየችን። ወደ ላይ መውጣት ሲገባው ወደ ታች ታጥፏል።

«በሚቀጥለው ወርም ከወረደች አስተኝተን ነው የምንከታተላት» አለችን።

ግቢያችን ውስጥ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ቤቶች አሉ፤ መካከላቸው ያለው አንድ የውሃ ቧንቧና የልብስ ማስጫ ገመድ ብቻ ነው። በወዲያኛው ቤት የሚኖሩት ባልና ሚስት ናቸው። እሱ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚመላለስ ትራንዚተር ነው፤ እሷ ባንክ ትሠራለች። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የሆነው ወንድ ልጅ አላቸው። ልጁን ከአራስነቱ ጀምረው ያሳደጉት ሞግዚት ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆናቸው ሴት ነበሩ፤ ጠዋት መጥተው ማታ ወደ ኪራይ ቤታቸው ይመለሳሉ። ልጁ አዳዳ ይላቸዋል፤ በኦሮምኛ አክስት ማለት ነው። ሌላውም ሰው ከልጁ ተቀብሎ አዳዳ ይላቸው ነበር።

ጤና ጣቢያ በሄድን ሳምንት፣ አንድ ቀን ከሰዓት፣ በረንዳ ላይ ማንኪያ ይዤ ልጄን ስለማመጥ አዳዳ ልብስ እያሰጡ አዩኝ። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና መጥተው ማንኪያውን ከእጄ ወሰዱ፤ መሬት ላይ አስቀመጡት። ድንቹን በጣታቸው አደቀቁት። ከዚያ ልጅቷን እንኳ ሳያዩ፣ ከጎረቤቴ ልጅ ጋር ስለ አንድ ድመት እያወሩ፣ እጃቸውን ብቻ ወደ አፏ ሰደዱ። ልጄ አፏን ከፈተች። ሰሃኑ ሲያልቅ እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጫለሁ።

በማግስቱ ሁለቱ ቤተሰቦች ተነጋገርን። ሚስትየዋ አዳዳ የእነሱ ሞግዚት መሆናቸው እንዳይረሳ ደጋግማ ካስታወሰችን በኋላ ልጇ ጓደኛ የሚያገኝ ከሆነ እንደማትቃወም ነገረችን። ባልየው ቀልደኛ ነው።

«አንድ ሰው ለሁለት ቤት ማካፈል ለቲቸር ምን ይከብደዋል» አለ፤ «ቀሪ እንዳይኖረው ብቻ አደራ።»

አዳዳን ጠርተን ነገርናቸው። ጠየቅናቸው ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ነገርናቸው። «እሺ» አሉ።

የዚያኑ ዕለት ፕሮግራም አወጣሁ። ሁለቱ ልጆች አንዱን ሳምንት እኛ ቤት፣ የሚቀጥለውን ሳምንት እነሱ ቤት ይውላሉ። ቁርስ፣ ጨዋታ፣ ምሳ፣ እንቅልፍ፣ መክሰስ፤ ሁሉንም በሰዓት ከፋፍዬ በሰፊ ወረቀት ላይ ጻፍኩና በሁለቱም ቤት ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ከዚያ አዳዳን ወረቀቱ ፊት አቁሜ እያንዳንዱን መስመር በጣቴ እየነካሁ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ማንበብ አይችሉም ብዬ ነው። ለምን እንደዚያ እንዳሰብኩ በኋላ ብዙ አስቤበታለሁ። አንዴ የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ አምጥተው «መምህር፣ ይሄ ምን ይላል?» ብለውኝ ነበር፤ ሌላ ማስረጃ አልነበረኝም። አንብቤ ስጨርስ «እሺ መምህር» አሉኝ። ባልየው በሩ ላይ ቆሞ ይስቃል።

«ስም መጥራትም ልትጀምር ነው?» አለኝ።

ሞግዚት የተጋራ ሰው ችግሩ ከትልቅ ነገር እንደማይመጣ ያውቃል። ለምሳሌ ሁዳዴ ገባ። እኛ ኦርቶዶክስ ነን፤ እነሱ ፕሮቴስታንት። ልጆች አይጾሙም፤ ባለቤቴ ግን በጾም የሥጋ ድስት ምድጃዋ ላይ እንዲጣድ አትፈልግም። የእነሱ ልጅ ደግሞ ሥጋ የገባበት ሾርባ ካላየ ምሳ አይነካም። ስለዚህ እኛ ቤት በሚዋልበት ሳምንት አዳዳ የልጁን ሾርባ በእነሱ ምድጃ ይሠሩና ድስቱን ይዘው ግቢውን ይሻገራሉ፤ ለልጁ ሌላ ሰሃን፣ ለልጅቷ ሌላ ሰሃን። የውሃም ነገር አለ። የእኛ አካባቢ ውሃ ጥርስ ያበልዛል፤ የአዳዳ የራሳቸው ጥርስ ምስክር ነው። ጎረቤቶቻችን ልጃቸው ከታሸገ ውሃ ሌላ እንዳይቀምስ ይፈልጋሉ፤ ልጁ ግን ከእኛዋ ልጅ ኩባያ ይቀማል። በዚያ ላይ የእነሱ ልጅ ከሰዓት ከተኛ ማታ አያስተኛቸውም፤ የእኛዋ ካልተኛች ስታለቅስ ታመሻለች። ክፍሉ አንድ፣ አልጋው አንድ።

መጀመሪያ ላይ ይህ ሁሉ ቧንቧው አጠገብ በአፍ ይባል ነበር። አንድ ቀን ልጁ የልጃችንን ክንድ ነከሰ። ባለቤቴ አንድ ቃል ተናገረች፣ ጎረቤታችንም አንድ ቃል መለሰች፤ ሁለቱ ሴቶች ሦስት ቀን ሳይነጋገሩ አንድ ቧንቧ ላይ ውሃ ቀዱ። በነዚያ ሦስት ቀናት ሁለቱም ለአዳዳ የሚቃረን ትእዛዝ ሲሰጡ እኔ ራሴ ሰማሁ። ጎረቤታችን «አዳዳ የእኛ ናቸው» ብላ በሯን ብትዘጋብን ልጄ ምን ትበላለች? ሌላው ሁሉ ለእኔ ከዚህ ጥያቄ በታች ነበር።

መፍትሔውን ያመጣሁት ከሥራዬ ነው። ትምህርት ቤቶች በወላጅና በመምህር መካከል የሚመላለስ የመገናኛ ደብተር አላቸው። እኛም አንድ ደብተር ይኑረን አልኩ። ደንቡን እኔ አረቀቅኩት። በሳምንቱ ውስጥ ቅር ያለው ሰው ይጽፋል። አርብ የልጆቹ ዕቃ ግቢውን ሲሻገር፣ ፖፖው፣ ትራሱ፣ ጡጦው፣ ድስቱ፣ ደብተሩም በዚያው ዘንቢል አብሮ ይሻገራል። ቅሬታው አዳዳን የሚመለከት ከሆነ ማንም ለብቻው አይናገራቸውም፤ መጀመሪያ ሁለቱ ቤቶች በጽሑፍ ይስማማሉ፣ ከዚያ አንዱ ቤት ይነግራቸዋል። አንዲት ሠራተኛ ላይ ሁለት አለቃ እንዳይጮህ ብዬ ነው። ለእሳቸውም የሚበጅ መስሎኝ ነበር። ዘንቢሉን የሚያሻግሩት አዳዳ ናቸው።

ደብተሩም ሠራ። እንዴት እንደሠራ ሳስታውስ አሁንም ፊቴ ይግላል። ሐሙስ ዕለት ልጃችን የምትታጠብበት ውሃ ይቀዘቅዛል ብዬ ጻፍኩ፤ ሰኞ ውሃው ሞቀ። ጎረቤታችን ቴሌቪዥኑ ከፍ ብሎ ይከፈታል ብላ ጻፈች፤ በሚቀጥለው ሳምንት ድምፁ ጠፋ። ባለቤቴ ልጅቷን በቂ አይሸከሟትም አለች፤ ጎረቤታችን በዚያው ገጽ ሥር ልጅቷን ብቻ ስለሚሸከሙ ልጄ ከፍቶታል ብላ መለሰች። በሚቀጥለው ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ አዳዳ አንዷን በጀርባቸው አዝለው፣ አንዱን በፊታቸው ታቅፈው፣ በዚያ የአዳማ ፀሐይ ግቢውን ይዞራሉ። አይቼ ሳቅኩ። ልጅ ሲወዱ እንዲህ ነው አልኩ።

እኔ ጎረቤቴ ነግራቸዋለች እላለሁ፤ እሷ እኔ የነገርኳቸው ይመስላታል። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ስለ ደብተሩ ለባልደረቦቼ አስረዳሁ፤ አንዷ ለእህቷ ትነግራት ዘንድ ደንቡን በወረቀት ገለበጠች። የልጃችን የክብደት መስመር ቀና፤ ነርሷ እንዲህ ነው እንጂ አለችን።

ከፋሲካ በኋላ ልጃችን አፏን ፈታች። የመጀመሪያ ቃሏ «እማ» ነበር፤ ያለችው ግን ለአዳዳ ነው። ባለቤቴ ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ሰማችው። ወደ ግቢው ተመልሳ ወጥታ ቧንቧውን ከፈተች፤ ብዙ ቆየች፤ ምንም ዕቃ ግን አላጠበችም። እኔ ደብተሩን አወጣሁና አዳዳ «እማ» ሲባሉ አቤት ማለት እንደሌለባቸው፣ ልጅ ግራ እንዳይገባት ይህ አስፈላጊ መሆኑን፣ ከነምክንያቱ ጻፍኩ። በሚቀጥለው ሰኞ ከሰዓት ፈረቃ ስለነበርኩ ጠዋት ቤት ነበርኩ። ልጅቷ ምንጣፉ ላይ ሆና «እማ» አለች። አዳዳ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ልጅቷ ደገመች። አዳዳ የሚታጠፈውን ጨርቅ አጠፉ፣ ፈቱት፣ እንደገና አጠፉት። ልጅቷ እየዳኸች ሄዳ ቀሚሳቸውን ያዘችና በመጨረሻ እንደ ልጁ «አዳ» አለች። ያን ጊዜ ነው አንስተው የሳሟት።

ይህን አየሁ። አይቼም ያሰብኩት ደብተሩ መሥራቱን ነው።

በግንቦት ጎረቤታችን ረጅም ነገር ጻፈች። አዳዳ ደክመዋል፤ ምሳ ካበሉ በኋላ ከልጆቹ ጋር እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፤ ጉልበታቸውን እየያዙ ነው የሚነሡት። ከዘመዶቿ በኩል አንዲት ወጣት አግኝታለች፤ ትምህርት ሲዘጋ ልትመጣ ትችላለች፤ ምን ትላላችሁ? ከባለቤቴ ጋር ተመካከርን። ልጃችን ስድስት ጥርስ አብቅላለች፤ ክብደቷም ደህና ነው። እኔ በቀይ እስክሪብቶ፣ ውጤት በምጽፍበት፣ እንዲህ ብዬ መለስኩ፦ «ሐሳቡን እንደግፋለን። ልጃችን አሁን መብላት ለምዳለች። እስከ ሰኔ ግን እንታገሳቸው።»

አርብ ዘንቢሉ ተሻገረ።

አዳዳ የሚቀጥለውን ሳምንት ሙሉ ሠሩ። የተለየ ነገር አላየሁባቸውም። አርብ ማታ ሲወጡ ሁልጊዜ «ሰኞ በሰላም ያገናኘን» ይሉ ነበር፤ ያን ዕለት «ደህና ሁኑ» ብቻ አሉ። ሰኞ አልመጡም። እኔ ለጠዋቱ ፈረቃ ልወጣ በር ላይ ቆሜ ስጠብቅ ጎረቤታችን አርብ ሳይሻገር እነሱ ቤት የቀረውን ደብተር ይዛ ግቢውን ተሻገረች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«አንተ ነህ የነገርካቸው?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«የሰኔውን ነገር።»

«እኔማ አልነገርኳቸውም። አንቺ መስለሽኝ።»

«እኔ ምንም ነገር ነግሬያቸው አላውቅም» አለች። «ሁሉንም አንተ የምትነግራቸው ነበር የሚመስለኝ።»

ደብተሩን ከፈተችልኝ። ከቀዩ ጽሑፌ ሥር፣ መስመሩን ጠብቆ፣ እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው እንደቆመ ተጽፏል፦

«ልጅቷ ከእንቁላል የምትወደው ነጩን ነው። አስኳሉን ድንች ውስጥ ደብቁት። ስታበሏት አትዩአት፤ ካያችኋት ትዘጋለች። ልጁ በር ሲዘጋ ይፈራል። ሾርባው ውስጥ ካሮት ከበዛ ሆዱን ያመዋል። ጉልበቴን ስላሰባችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ። እስከ ሰኔ አትቸገሩ።»

ውሃው የሞቀው፣ ቴሌቪዥኑ ዝም ያለው፣ ሁለቱ ልጆች በአንድ ጊዜ ጀርባና ደረት ላይ የወጡት ለምን እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። ማንም የነገራቸው የለም። አርብ አርብ እያነበቡ ሰኞ ሰኞ ራሳቸውን ያርሙ ነበር።

ልጃችን በዚያን ቀን ጠዋት ቁርስ አልበላችም። ማክሰኞ ጡጦ ብቻ ጠባች። ባለቤቴ ከሥራ ፈቃድ ወሰደች። አዳዳ እንደጻፉት ነጩንም ሰጠናት፣ አስኳሉንም ደበቅን። ሳናያት ለማብላትም ሞከርን፤ ልጃችሁ እየከሳች ሳታዩአት ማብላት ትችሉ እንደሆነ እስኪ ሞክሩት። የኪራይ ቤታቸውን ጠይቀን ደረስንበት፤ ለቀው መቂ ልጃቸው ዘንድ ሄደዋል ተባልን።

ቅዳሜ ልጄን ታቅፌ ተነሣሁ። ለጎረቤቶቼ አልነገርኳቸውም። ሞጆ ደርሼ ሌላ ሚኒባስ ያዝኩ። ቆቃ ላይ ዓሣ ሻጮች መስኮት ለመስኮት ሲሮጡ ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሳምንት ሳቀች፤ ከመቂ ሦስት ሆነን እንደምንመለስ፣ አዳዳም ልባቸው እንደሚራራ ለራሴ ነገርኩ። በመንገድ ላይ የምለውን በአእምሮዬ አዘጋጀሁ።

ቤቱን ማግኘት አልከበደኝም። አዳዳ ግቢ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሽንኩርት ይለቅማሉ፤ አፍንጫቸው ላይ አንድ እጀታው በክር የታሰረ መነጽር አለ። ልጄ ከእጄ ለመውረድ ተፈራገጠች። «ኮቱ» አሏት፣ ነይ ማለታቸው ነው፤ እየተንገዳገደች ሄዳ ጭናቸው ውስጥ ተቀበረች። መነጽራቸውን አውልቀው አቀፏት። ከቤት ዳቦና ወተት አስመጡና፣ እኔን እያዩ፣ ከእኔ ጋር እያወሩ አበሏት። ጠብታ አልተረፈም።

ማንበብ እንደሚችሉ አላወቅንም አልኳቸው።

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ፤ ቁጣ የለበትም። ልጅ ሳሉ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ፣ ከእናታቸው ጎን ተቀምጠው ፊደል ቆጥረዋል፤ እናታቸው ሲያቋርጡ እሳቸው እስከ መጨረሻው ሄደዋል። ጠርሙሱን ያስነበቡኝ እንግሊዝኛ ስለሆነባቸው ነው።

ከዚያ «ጎረቤትህም ረቡዕ መጥታ ነበር» አሉኝ። «ብቻዋን ነው የመጣችው፤ ለኛ ብቻ ይሁኑልን፣ ያችኛዋን ልጅ ይተዉአት አለችኝ። አንተስ ምን ልትለኝ መጣህ?»

ያንኑ ልል ነበር የመጣሁት። ሞጆ ላይ ሚኒባስ ስቀይር ጀምሮ ያዘጋጀሁት ንግግር ይኸው ነበር። እሱን ትቼ ስለ ደብተሩ ማስረዳት ጀመርኩ። ደንቡ ለምን እንደወጣ፣ «እንታገሳቸው» ያልኩት በምን መንፈስ እንደሆነ፣ ሰኔ የተባለው ለምን እንደተባለ ዘረዘርኩ። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«መምህር፣ ገብቶኛል» አሉኝ ስጨርስ። «ድሮም ስታስረዳ ይገባኛል። ልጅቷን ይሸከሙ ስትሉ ተሸከምኩ፤ ልጁን ይሸከሙ ሲሉም ተሸከምኩ። እማ ስትለኝ ዝም ይበሉ አላችሁ፤ ዝም አልኳት። ያቺን እንኳ ማድረግ አልነበረብኝም። ከዚህ በላይ የምታረም አይመስለኝም።»

ልጄ ጭናቸው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ሚኒባሱ ሳይሞላ ልድረስ ብዬ ተነሥቼ ከእቅፋቸው ልወስዳት ስል እጇ የቀሚሳቸውን አንገት ይዟል። ጣቶቿን አንድ በአንድ የፈቱት እሳቸው ናቸው። ሳትነቃ ሰጡኝ።

የነቃችው ቆቃን ሳናልፍ ነው። እስከ ሞጆ አለቀሰች፤ ከሞጆ በኋላ ዝም አለች። ዝምታዋ ነው የከበደኝ።

የጎረቤቶቻችን ወጣት በሰኔ መጣች፤ በሐምሌ ሄደች። ከጎረቤቶቻችን ጋር እግዜር ይመስገን ከመባባል በቀር አንነጋገርም። እኔም መቂ ሄጄ እንደነበረ ያውቃሉ፣ እነሱም ሄደው እንደነበረ አውቃለሁ፤ አንዳችን ለሌላው አንስተን አናውቅም። ባለቤቴ ሥራዋን ለቀቀች። ቤት ትውላለች፤ ልጃችን ከእጇ ትንሽ ትንሽ ትወስዳለች። ባለፈው ወር የካርዷ መስመር እንደገና አጋድሏል። ለማንም «እማ» አትልም። ባለቤቴ ትጠብቃለች። እኔም ስለ ልጆች ንግግር የማውቀውን ላስረዳት እጀምርና እተወዋለሁ።

ሞግዚት የምትጋሩ ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። አንድ ቀን ከሰዓት ሁለቱም ቤተሰቦች አንድ ክፍል ተቀመጡ። ለሞግዚቷ ከሁላችሁ በፊት ወንበር ስጧት፤ ልጆቹን እናንተ ያዙ፣ የእሷ እጅ ባዶ ይሁን። ከዚያ ስለ ሁለቱም ቤት እሷ ትናገር፤ እስክትጨርስ ድረስ አታስረዱ፣ አትጻፉ። ይሠራ አይሠራ አላውቅም። እኔ አልሞከርኩትም፤ አሁን ደግሞ የምሞክርበት ሰው የለኝም። እናንተ ግን ሰውዋ ገና ቤታችሁ ናት። በዚህ ሳምንት ሞክሩት።